አምስት ፖም በ12 ማርክ

የ2017 ዓ.ም. ገናን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ገብተን ማኪያቶ ጠጣን፣ ኬክ በላን፣ ሂሳብ መጣ። እኔም እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ በዶላር መታሁት። ያን ሰሞን አንድ ዶላር በባንክ ከ120 ብር በላይ ነበር፤ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 በፊት ግን 57 ብር ገደማ ነበር። «እንዴ! ርካሽ ነው እኮ!» አልኩ። የአክስቴ ልጅ ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ለማን?» አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወሬ ቀየርን፣ ሳቅን፣ ወጣን። ቃሏ ግን እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ተከተለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በ16 ዓመቴ ነው ከአገር የወጣሁት፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቴ በፊት ሊዝበን አንድ ሳምንት ከርሜ ነበር። እዚያም በየካፌው «ርካሽ ነው» ስል ነው የሰነበትኩት፤ ለማን ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ከኮሌጅ ጀምሮ ደግሞ የአንድ ዓይነት መጽሐፍ ሱስ አለብኝ፦ አሜሪካዊ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፣ ዳቦና አይብ ይበላል፣ በአስተናጋጁ ይናደዳል፣ መጨረሻ ላይ ከተማዋን ይወዳታል። እነዚያን መጻሕፍት አሁን ከመደርደሪያ አውርጄ የአክስቴን ልጅ ጥያቄ ይዤ እንደገና አነበብኳቸው። የምወዳቸው ነበሩ፤ አሁንም አብዛኞቹን እወዳቸዋለሁ። ግን አንዳንዶቹ ጥያቄውን አልቻሉትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የብሉቸር ግብዣ

ከማርክ ትዌይን እንጀምር። በ1867 «ኩዌከር ሲቲ» በተባለች መርከብ ከአገሩ ሰዎች ጋር አውሮፓንና ቅድስት አገርን ዞሮ፣ በ1869 «ዘ ኢኖሰንትስ አብሮድ» የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ። ርዕሱ «የዋሆቹ በባዕድ አገር» እንደማለት ነው። መርከቧ መጀመሪያ የቆመችው የፖርቹጋል በሆኑት የአዞረስ ደሴቶች ነው። እዚያ ብሉቸር የሚባል አንዱ ተሳፋሪ፣ አገሩ ርካሽ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ጓደኞቹን እራት ይጋብዛል። ለአሥር ሰው ይበላል፣ 11 ጠርሙስ ወይን ይጠጣል፣ 25 ሲጋር ይጨሳል። ሂሳቡ ሲመጣ 21,700 ሬይስ! ሰውየው ፊቱ አመድ ይመስላል። ከሰርኩ፣ አለቀልኝ ይላል። ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። በኋላ ባለቤቱ ሂሳቡን በዶላር አስልቶ ያመጣዋል፦ 21 ዶላር ከ70 ሳንቲም። በአንድ ጊዜ ሠርግ ይሆናል፤ ተጨማሪ መጠጥ ይታዘዛል።

ትዕይንቱን ኮሌጅ ሳለሁ ሳነበው ስቄ ነበር። አሁን ስመለስበት ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ ሁለተኛው ድረስ እራቱ አልተለወጠም። ወይኑ ያው ወይን ነው። የተለወጠው የሚቆጠርበት ገንዘብ ብቻ ነው፤ ደስታውም የመጣው ከዚያ ነው። ትዌይን ይሄን አውቆ ነው የጻፈው፤ የሚስቀው በብሉቸር ነው። በዚያች ትንሽ ቀልድ ውስጥ ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ የሚሆን ንድፍ አስቀምጧል ብዬ አምናለሁ፦ አሜሪካዊ አውሮፓ ውስጥ ገበታ ሲቀርብ፣ ከዳቦውና ከወይኑ ጋር የምንዛሪ ተመንም አብሮ ይቀርባል። ጥሩው ጸሐፊ ያሳየናል፤ መልከ መልካሙ ጸሐፊ ደግሞ በጠረጴዛ ልብስ ይሸፍነዋል።

ትዌይን ግን ሁልጊዜ እንዲህ ንቁ አይደለም። ስለ ልማድ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ብሉቸርን ራሱን ይሆናል። ሆቴል ውስጥ ሳሙና የለም ብሎ ገጽ ሙሉ ያማርራል። በ1880 ባወጣው «ኤ ትራምፕ አብሮድ» ደግሞ የአውሮፓን ቡና ያጣጥላል፣ ጨው የሌለውን ቅቤ ይወቅሳል፣ ከዚያም አገሬ ስገባ ይጠብቀኝ ብሎ የሚናፍቃቸውን የአሜሪካ ምግቦች ይዘረዝራል፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ትኩስ ቢስኪት፣ ምን የሌለ አለ! በዝርዝሩ አልፈርድበትም። ስደተኛ የሆነ ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሆዱ ውስጥ አለው። የእኔ እናት በመጀመሪያው የቨርጂኒያ ክረምት ስለ ጎመን የምታወራው ቢጻፍ ከትዌይን ይረዝም ነበር። ልዩነቱ እናቴ ዝርዝሯን ይዛ የቀረችው እዚያው መሆኑ ነው። ትዌይን መመለሻ ትኬት ነበረው።

ሁለቱ ሄሚንግዌዮች

አሁን ወደምወደውና ወደሚያናድደኝ ሰው ልምጣ። ኧርነስት ሄሚንግዌይ ከባለቤቱ ከሃድሊ ጋር ፓሪስ የገባው በታኅሣሥ 1921 ነው። ስለዚያ ዘመን የጻፈው «ኤ ሙቨብል ፊስት» ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1964 ታተመ። ኮሌጅ ሳለሁ ሌሊት በአስተናጋጅነት እየሠራሁ ነው ያነበብኩት፤ ሌላው ሰው ሲበላ እያየሁ የምራብበት ጊዜ ስለነበር መጽሐፉ እንደ ፀሎት ነበር የሚሰማኝ። ሰውየው ምሳ ይዘላል። የምግብ ሽታ እንዳይፈትነው በሉክሰምበርግ መናፈሻ በኩል ያልፋል። አንድ ቀን ትንሽ ገንዘብ ይመጣለትና ሊፕ የሚባለው ቤት ገብቶ ቢራ፣ በዘይት የተለወሰ ድንችና ቋሊማ ያዛል። ድንቹን እንዴት እንደሚበላ፣ ዳቦውን ዘይቱ ውስጥ እንዴት እንደሚያጠቅስ ሲጽፍ፣ እመኑኝ፣ ተነስታችሁ ወጥ ቤት ትሄዳላችሁ።

ድሃ ነበርን፣ ደስተኛም ነበርን፤ የመጽሐፉ ዜማ ይሄ ነው። ቤታቸው ሙቅ ውኃ አልነበረውም፣ እውነት ነው። ግን ሃድሊ ከቤተሰቧ ውርስ በየዓመቱ የሚደርሳት ገንዘብ ነበራት፤ ቤቱንም የምታጸዳና ምግብ የምታበስል ፈረንሳዊት ሠራተኛ ነበረቻቸው። በክረምት ወደ ኦስትሪያ ተራሮች ሄደው በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፤ የአገሩ ገንዘብ በወረደ ቁጥር ክፍሉም ምግቡም እየረከሰላቸው እንደሄደ ራሱ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ድሮ አላየኋትም። አሁን ግን ከሌላው ሁሉ ቀድማ ትታየኛለች። ገንዘባቸው የወረደባቸው ሰዎች ያን ክረምት ምን በሉ? መጽሐፉ እዚያ ድረስ አይሄድም።

ምን ዋጋ አለው፣ ሌላው ሄሚንግዌይ እኮ ይሄን ጥያቄ መልሶታል! የ1922ቱን፣ የ23 ዓመቱን፣ ለቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ የሚጽፈውን ልጅ ማለቴ ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በ1,000 ዶላር ፓሪስ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተንደላቆ መኖር እንደሚቻል ጽፏል፤ ምስጢሩም የከተማው ጥሩነት እንዳልሆነ፣ ዶላሩ 12 ፍራንክ ተኩል ገደማ ስለሚመነዘር እንደሆነ ሳይደብቅ ይናገራል። መስከረም ላይ በወጣው ጽሑፉ ደግሞ ከሃድሊ ጋር ከስትራስቡርግ ተነስቶ የራይንን ወንዝ ይሻገርና ኬል የምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ይገባል። አሥር ፍራንክ ሰጥቶ 670 ማርክ ይቀበላል። ይሄ በካናዳ ገንዘብ 90 ሳንቲም ገደማ ነው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ሲያወጡ ውለው ማታ 120 ማርክ ይተርፋቸዋል።

ጽሑፉ የጋዜጣ ነው፤ አጭር ነው፤ ውብ ለመሆን አይጥርም። ያየውን ዋጋ ከነስሌቱ ያስቀምጣል። የከተማዋ ትልቁ ሆቴል ባለ አምስት ዓይነት ምግብ ምሳ 120 ማርክ፣ ማለትም 15 ሳንቲም። ከሰዓት በኋላ የስትራስቡርግ ወጣቶች ድልድዩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ዕቃ ገዝተው እንዳይመለሱ የጉምሩክ ሕግ ይከለክላቸዋል፣ መብላት ግን የሚከለክላቸው የለም። ኬክ ቤቱን ይወሩትና በግማሽ ሰዓት ባዶ ያስቀሩታል። ባለቤቱና ረዳቱ ኬኩ ሁሉ ተሽጦ ፊታቸው አይፈታም፤ አዲስ ጋግረው እስኪያወጡ ድረስ የተቀበሉት ማርክ ይወርድባቸዋል።

ከዚያ ፖሙ ይመጣል። ሄሚንግዌይና ሃድሊ ከመንገድ አምስት ፖም በ12 ማርክ ይገዛሉ። ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሽማግሌ አይተው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ ስንት እንደገዛው በትህትና ይጠይቁታል። 12 ማርክ ይላቸዋል። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አልችለውም፣ በዛብኝ ይላሉ። መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ያ 12 ማርክ በዚያን ቀን ሁለት ሳንቲም አይሞላም ነበር። ሄሚንግዌይ ፖም አለመስጠቱ እንደሚቆጨው ይጽፋል።

አሜሪካውያን ስለ አውሮፓ ምግብ ከጻፉት ካነበብኩት ሁሉ ይሄን የሚበልጥ ገጽ የለም ብዬ እከራከራለሁ። ፖሙ እንዴት እንደሚጣፍጥ አንድ ቃል የለውም። ግን ሁለት ዋጋ አለው፦ የገዢው ሁለት ሳንቲምና የሽማግሌው «አልችለውም»። «ኤ ሙቨብል ፊስት» ግን ከእነዚህ ሁለት ዋጋዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳየን አንዱን ነው። ያን መጽሐፍ የጻፈው ዝነኛ ሰው በዚያ ዘመን የሚያስታውሰው የራሱን ረሃብ ነው፤ የ23 ዓመቱ ሪፖርተር የሌላውንም አይቶ ነበር።

ፍርዴ እንዳይከር ግን አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ«ኤ ሙቨብል ፊስት» ውስጥ የሊላ ካፌ አዲስ አስተዳደር ቤቱን «አሜሪካን ባር» ሊያደርገው ሲል፣ ለዓመታት ያገለገሉት አስተናጋጆች ጢማቸውን እንዲላጩና ነጭ ጃኬት እንዲለብሱ ይታዘዛሉ። አንደኛው፣ ዣን፣ የፈረሰኛ ጦር ወታደር የነበረ ሰው ነው፤ ጢሙ ክብሩ ነው። ንዴቱን የሚወጣው ለደንበኞቹ ከልክ በላይ ውስኪ እየቀዳ ነው። እዚህ ጋ ሄሚንግዌይ ምስክር ነው። በዶላር የመጣ እንግዳ ለሚበላው ብቻ አይደለም ዋጋ የሚያስከፍለው፤ አንዳንዴ የአስተናጋጁ ፊትም ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

በስምንት ቀን ልዩነት

ጁሊያ ቻይልድ ለ ሃቭር ወደብ ላይ የወረደችው በኅዳር 3 ቀን 1948 ነው። ጄምስ ቦልድዊን ፓሪስ የገባው በኅዳር 11። ስምንት ቀን ብቻ! ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ የሚገባ ሁለት መጽሐፍ ቢኖር የእነዚህ ነው።

ጁሊያ ባሏ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ፓሪስ ኤምባሲ ተመድቧል። መኪናቸውን ጭነው መጥተዋል። ያኑ ቀን ሩዋን ከተማ ላይ ቆመው ኦይስተርና በቅቤ የተሠራ ሶል የሚባል ዓሣ በሉ፤ ከሞተች በኋላ በ2006 በወጣው «ማይ ላይፍ ኢን ፍራንስ» ሕይወቷ የተለወጠው በዚያ ምሳ እንደሆነ ትተርካለች። የጦርነቱ ራሽን ፈረንሳይ ውስጥ ገና ሙሉ በሙሉ ያላበቃበት ጊዜ ነበር። መጽሐፉ ያን አይክድም፤ ግን ብዙም አይቆይበትም።

ሆኖም ጁሊያን ከብሉቸር ጋር አልደምራትም። ምክንያቱም ዶላሯን ብቻ አይደለም ያወጣችው። ቋንቋውን ተማረች። ገበያ ወርዳ ከአትክልት ሻጯ ጋር ወዳጅ ሆነች፤ ሊያታልሉኝ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው እንደሚታለል፣ ስለሚሸጡት ነገር ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ልባቸውን እንደሚከፍቱለት ተረዳች። በ1949 ኮርዶን ብሉ ማብሰያ ትምህርት ቤት ገብታ ከቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ጋር ሽንኩርት ከተፈች። ለአንድ አገር ምግብ ጊዜንና ትህትናን መክፈል ማለት ይሄ ነው። በየትኛውም ተመን አይረክስም።

ቦልድዊን 40 ዶላር ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የገባው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 19 ቀን 1949፣ በአንድ አንሶላ ምክንያት ታሠረ። አዎ፣ አንሶላ። የሚያውቀው አሜሪካዊ ከቀድሞ ሆቴሉ ይዞት የወጣውን አንሶላ ቦልድዊን ተውሶ ነበር፤ የራሱ ሆቴል የአልጋ ልብስ አልለውጥ ስላለው። ፖሊስ መጣ፣ እጁ ታሠረ፣ ፍሬን እስር ቤት ገባ፣ ገናን እዚያ አሳለፈ። በመጨረሻ ክሱ ሲነሳ፣ የአንሶላው ታሪክ ፍርድ ቤቱን አሳቀው። በ1955 የወጣው «ኢኳል ኢን ፓሪስ» የተባለው ጽሑፉ የሚጠናቀቀው በዚያ ሳቅ ነው። ሳቁን ያውቀዋል፤ ራሳቸውን ከመከራ ርቀው የቆሙ ሰዎች ሳቅ ነው። አገሩ ጥሎት የመጣውን ሳቅ ፓሪስ ውስጥ አገኘው።

ስለ ልማድ ከተጻፈው ሁሉ ጠልቆ የሚገባው ይሄ ጽሑፍ ነው። ቦልድዊን ኒው ዮርክ ውስጥ የፖሊስ ፊት ማንበብ ያውቃል፤ ሕይወቱ በዚያ ላይ የቆመ ነው። ፓሪስ ላይ ግን ያ ዕውቀት አይሠራም። ለፖሊሶቹ እሱ አሜሪካዊ ነው፤ ከፊታቸው ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አይችልም። ሌሎቹ ጸሐፊዎች «ልማድ» የሚሉት አስተናጋጁ ለምን ይዘገያል፣ ቡናው ለምን ትንሽ ነው የሚለውን ነው። ቦልድዊን ያሳየን ግን ልማድ ማለት በጨነቀህ ጊዜ የምትደገፍበት ግድግዳ መሆኑን ነው። ግድግዳው የት እንዳለ ሳታውቅ ስትደገፍ ትወድቃለህ። አሜሪካ ስገባ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩና ይሄን ማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ኤሚሊና እኔ

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2020 ኔትፍሊክስ ላይ የጀመረውን «ኤሚሊ ኢን ፓሪስ»ን ያላየ ካለ እጁን ያውጣ። እኔም ተሳድቤ አይቼዋለሁ። ቀልዶቹ በሙሉ የትዌይን የልጅ ልጆች ናቸው፦ ፈረንሳዮች ምድር ቤቱን አንደኛ ፎቅ ብለው ስለማይቆጥሩ የሰው በር ታንኳኳለች፤ ቢሮ በጠዋት ሄዳ ተቆልፎ ታገኘዋለች፤ ስቴኩ በደንብ አልበሰለም ብላ ትመልሳለች። ያስቃል። ግን በዚያ ሁሉ ጫማ፣ በዚያ ሁሉ እራት መሃል፣ የትዌይን ሁለተኛ ወረቀት የለም። ሂሳቡ በምንም ገንዘብ አይመጣም። ብሉቸር ቢያንስ ደንግጦ ነበር።

እኔም ሊዝበን ላይ ብሉቸርን ሆኜ ነበር። አንድ ምሳ ቤት ሳላዝ ዳቦ፣ ወይራና አይብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ነጻ መስሎኝ በላሁ። ሂሳቡ ላይ ሳየው ተናደድኩ፤ ያላዘዝኩትን! (ፖርቹጋል ውስጥ ልማዱ ይሄ ነው፤ ካልነካህ አትከፍልም፣ ከነካህ ትከፍላለህ።) ከዚያ በዶላር መታሁትና ሳቅሁ። አስተናጋጇ የኬፕ ቨርዴ ልጅ ነበረች፤ ከወዴት ነሽ ተባባልን። ከወንዙ ማዶ እንደምትኖር፣ የከተማው ኪራይ እንዳልቻለችው ነገረችኝ። እኔም ምን ብል ጥሩ ነው? «ከተማችሁ ግን ርካሽ ነው!» ዝም ብላ ሳህኑን አነሳች።

የሚያሳፍረኝ እኔም አስተናጋጅ የነበርኩ መሆኔ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ ቀጣሪው እንዲከፍለው ሕግ የሚያስገድደው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው፤ ይሄ የፌዴራል ተመን ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። አሜሪካውያን አውሮፓ ሄደው «ቲፕ የለም፣ እንዴት ደስ ይላል!» ሲሉ፣ ፈረንሳይ ውስጥ የአገልግሎቱ ክፍያ ሂሳቡ ውስጥ የገባው በሕግ እንደሆነ ብዙዎቹ አይጽፉም። የአስተናጋጁ ኩራት የሚመስላቸው ነገር አንዳንዴ በፈገግታ ደመወዝ የማይለምን ሰው ፊት ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር አነበብኩ። ፖርቹጋል ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ከርቀት ለሚሠሩ የውጭ ሰዎች ቪዛ ትሰጣለች። መስፈርቱ የወር ገቢህ የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ እንዲሆን ነው። በ2024 ዝቅተኛው ደመወዝ 820 ዩሮ ነበር፤ ስለዚህ የሚጠየቀው 3,280 ዩሮ። እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እንግዳው ሳህን ከምታነሳለት ልጅ አራት እጥፍ የሚያገኝ እንዲሆን ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። የኬል ሽማግሌና የሄሚንግዌይ ፖም ቪዛ ቅጽ ላይ ገብተዋል። ስለ ሊዝበን «በወር ስንት አወጣሁ» የሚሉት ቪዲዮዎች ግን ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን ብቻ ነው የሚያሳዩን።

አሁን ስለ አውሮፓ ኑሮ የሚጽፍ አሜሪካዊ ሳነብ፣ አሜሪካዊ ስል እኔንም ጨምሬ ነው፣ የምፈልገው ሁለቱን ዋጋዎች ነው። ውበት አትጻፍ አልልም። ድንቹ በዘይት ጣፋጭ ነው፣ ይጻፍ። ግን ሽማግሌው በዚያ መንገድ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንስተው ዋጋ ይጠይቁ፤ መልሳቸውም ገጹ ላይ ይቅር።

ከአዲስ አበባ ከመውጣቴ በፊት ያንኑ ካፌ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተመለስንበት። ሂሳብ ሲመጣ ስልኬን አላወጣሁም። ልክፈል ስላት «ዛሬ የኔ ተራ ነው» ብላ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከፈለች። ስንት እንደሆነባት እኔ አላውቅም፤ እሷ ታውቃለች።